ማድ ቤቱ የማን ነው

ጭብጨባው ሲሰማ ራስቲ እርድ እየወቀጠች ነበር። ዘነዘናውን ከፍ አድርጋ ያዘችውና ጆሮዋን ቀሰረች። ከሣር ክዳኑ ዳስ በኩል እንደገና ተጨበጨበ። ከዚያ ሳቅ ተከተለ። ከዚያ ያ ቀጭን የዊዲያኒ ድምፅ በእንግሊዝኛ አንድ ነገር አለና እንግዶቹ ደግመው ሳቁ። ራስቲ ዘነዘናውን አወረደችው። ሙቀጫው ውስጥ ያለው እርድ ብቻ ቢሆን ኖሮ ያን ያህል ባልደበደበችው።

«አጨብጭቡላት! ገና ትዘልልላችኋለች!» አለች ለብቻዋ።

ነገሩን ከውጭ ላየው ሰው ዊዲያኒ ምንም አላጠፋችም። ሳቴ ለሚባለው ምግብ የተፈጨ ዓሣና ኮኮናት በጠጅ ሳር እንጨት ላይ እንዴት እንደሚጠቀለል ለፈረንጆች እያሳየች ነው፤ የተቀጠረችውም ለዚሁ ነው። ራስቲን ያሳረራትም ይኸው ነው። ያንን መጠቅለል ያስተማራት ማን ሆነና? ወደዚህ ማረፊያ እጇን ይዞ ያመጣትስ? «ቤት ውስጥ ተቀምጣ ከምትተክዝ ሽንኩርት እንኳ ትላጥልኝ» ብሎ የማረፊያውን ባለቤት የለመነው ማን ነው? ራስቲ ናት። በገዛ አፏ ለምና፣ በገዛ ሞተር ብስክሌቷ አፈናጥጣ አመጣቻት።

ሁለቱ የወንድማማቾች ሚስቶች ናቸው፤ ራስቲ የታላቅየው የሱካዳ፣ ዊዲያኒ የታናሽየው። በአንድ ግቢ ይኖራሉ፣ በአንድ ምድጃ ያበስላሉ፣ አንዲት አማት ይጋራሉ። ዊዲያኒ ከሰሜን ከባሕሩ ዳር ተድራ ስትመጣ ሩዝ ማጠብ እንኳ አታውቅም ነበር ትላለች ራስቲ። ውሸቷን ነው። ሩዝ ማጠብ የማያውቅ ሰው በባሊ ምድር ገና አልተወለደም። ግን ቅናት ሲያወራ ማን ያርመዋል?

ማረፊያው በሲደመን ሸለቆ፣ በሩዝ እርከኖቹ መሐል ነው። ሰዎች ጽሞና ፍለጋ ከየአገሩ ይመጣሉ፤ እግራቸውን አጣጥፈው ዓይናቸውን ጨፍነው ይከርማሉ፤ ዝምታው ሲያበቃ ግን ሁሉም የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ ዛሬ ምን ይበላል? ራስቲ እነዚህን ጽሞናውያን ስታበላ ኖራለች። ሲበሉ ግን አይታ አታውቅም፤ ባዶ ሳህን ነው ተመልሶ የሚመጣላት። ለዓመታት ይህ ይበቃት ነበር። ሳህን ተልሶ ሲመጣ ከዚህ በላይ ምን ምስጋና አለ ትል ነበር። ዊዲያኒ መጥታ ሲጨበጨብላት ነው ባዶ ሳህን ባዶ ሳህን ብቻ መሆኑ የታያት።

የማረፊያው ባለቤት ኢቡ ራትና ወደ ማድ ቤት ብቅ አለች፤ ኢቡ ማለት ወይዘሮ ነው። ከደንፓሳር የመጣች፣ ሁሌ የምትቸኩል፣ ግን ክፋት የሌለባት ሴት ናት።

«ምቦክ ራስቲ» አለች። ታላቅ እህት ምቦክ ትባላለች፤ ባለቤቷም እንኳ ራስቲን ያለዚህ ጠርታት አታውቅም። «ነገ ማታ መሰነባበቻ ነው። መጊቡንግ እናብላቸው፤ ስምንት ስምንት ሆነው በአንድ ትሪ፣ በእጅ፣ እንደ አገራችን ደንብ። አማትሽንም ይዘሻቸው ነይ፤ ትልቅ ሰው ሳይኖርበት አይደምቅም።»

«እሺ ኢቡ። ደስ ይላቸዋል።»

«ገበታውን ዊዲያኒ ትምራው። እንግሊዝኛውም አላት፣ ፈገግታውም አላት።»

«ፈገግታውስ እኔም ነበረኝ። ጭሱ ነው የጨረሰው።»

ኢቡ ራትና ሳቀች። ራስቲ ግን አልቀለደችም።

«ደግሞ አንድ ነገር አለ። አዲሶቹ ክፍሎች ሊከፈቱ ነው። እስካሁን እንዲሁ በመግባባት ሠርተናል፤ ከአሁን በኋላ ማድ ቤቱ በስም የታወቀ አንድ ኃላፊ ይፈልጋል። ማን እንደሆነች ከነገው ገበታ በኋላ እነግራችኋለሁ» አለችና እንደ ልማዷ ተንደርድራ ሄደች።

ከነገው ገበታ በኋላ። ገበታውን ደግሞ ዊዲያኒ ትምራው። ራስቲ ሁለቱን ነገር አጠገብ ለአጠገብ አስቀምጣ ስታያቸው ሌላ ትርጉም አልመጣላትም። የሙቀጫውን ከንፈር ያዘች።

እስከዚያ ቀን ማድ ቤቱ የራስቲ መሆኑን ማንም በአፉ ተናግሮት አያውቅም። መናገርም አያስፈልግም ነበር፤ ጆታን የምታኖረው እሷ ነበረችና። ምግብ ስለ በሰለ ብቻ አይበላም፣ አይቀመስምም። አብሳይ ጨውን እንኳ የምትለካው በማሽተት ነው። መጀመሪያ ከሩዙም ከወጡም ትንሽ ትንሽ ተቆንጥሮ በሙዝ ቅጠል ቁራጭ ላይ ይደረግና ለምድጃው፣ ለእንስራው፣ ለሙቀጫው፣ ለበሩ ይሰጣል። ጆታን ማለት ይኸው ነው። አማልክት ቀድመው ይቀምሳሉ፣ ሰው የተረፈውን ይበላል። በሌላ ቤት እጁ ባዶ የሆነ ሰው ሁሉ ያኖረዋል። እንደ እናት ሜሜ ብላ በምትጠራቸው በአማቷ በሪንጂን ቤት ግን እንዲያ አይደለም። እዚያ ጆታን የምታኖረው የማድ ቤቱ ባለቤት ብቻ ናት፤ ሌላ ሴት ቅጠሉን ቆርጣ ልታዘጋጅ ትችላለች፣ ማኖር ግን አትችልም።

ራስቲ ያንን ማዕረግ የተቀበለችበትን ጧት እስከ ዛሬ አትረሳውም። የሜሜ ዓይን መፍዘዝ የጀመረበት ወቅት ነው። አሮጊቷ ቅጠሉን ቆረጡ፣ ሩዙን ቆነጠሩ፣ አበባውን ጣል አደረጉበት፤ ከዚያ ትንሿን የቀርከሃ ትሪ ወደ ምድጃው በመውሰድ ፈንታ መደርደሪያው ላይ፣ ከራስቲ ቢላ አጠገብ አስቀመጧትና ወጥተው በረንዳ ላይ ቁጭ አሉ። ራስቲ ትሪዋን አንስታ ወደ ምድጃው ወሰደቻት። ካገባችበት ቀን ይልቅ ያን ቀን ነው ሰው የሆነችው። ማረፊያው ውስጥ ስትቀጠርም ይህንኑ ደንብ ይዛ ገባች፤ ዊዲያኒም የአማቷን ቤት ደንብ ታውቃለችና አንድ ቀን እጇን ወደ ትሪው ዘርግታ አታውቅም።

በዚያ ምሽት ግቢያቸው ውስጥ ሱካዳ አውራ ዶሮውን ጭኑ ላይ አስቀምጦ አንገቱን እያሻሸ ነበር።

«ምን ሆነሻል? ፊትሽ ያልበሰለ ፓፓያ መስሏል» አላት።

«የወንድምህ ሚስት ናታ!»

«ምን አደረገችሽ?»

«ሳቀች።»

«ሳቀች?»

«ሳቀችና አጨበጨቡላት። ነገ ገበታውን እሷ ትመራለች። ከዚያ ማድ ቤቱን ይሰጧታል። እኔ የእሷን ሽንኩርት ልልጥ ነው በዚህ ዕድሜዬ!»

«አንቺም ሳቂላቸዋ።»

«እንደ አንተ ዶሮ ልጩህላቸው?»

«እሱ ቢጮህስ ቢያንስ ሲያሸንፍ ነው» አለ ሱካዳ። ከዚያ ፊቷን አየና ዶሮውን ይዞ ቀስ ብሎ ወደ ጓሮ ዞረ። ሚስቱን ያውቃታል።

ዓይናቸው አሁን ጨርሶ የጠፋው ሜሜ ሪንጂን በረንዳው ላይ ተቀምጠዋል። ዊዲያኒ ከኋላቸው ሆና ነጭ ፀጉራቸውን እያበጠረች አንድ ነገር በጆሯቸው ትነግራቸዋለች፤ አሮጊቷ እንደ ልጃገረድ ይንከተከታሉ። ይህቺ ደግሞ የራስቲ ሥራ ነበረች። መቼ ነው ማበጠሪያው ከእጇ የወጣው? ወገቧን ያመማት ጊዜ፣ ለጥቂት ቀን ብላ የተወችው ነው። ለጥቂት ቀን! ማበጠሪያውን ወሰደች፣ ሳቁን ወሰደች፣ ነገ ደግሞ ምድጃውን ትወስዳለች። ራስቲ ድስቱን ከእሳት ላይ ስታወርድ አንኳኳችው።

«እዚህ ቤት የሚያር ነገር አለ» አሉ ሜሜ አፍንጫቸውን ወደ ማድ ቤቱ መልሰው።

«ድስቱን አውርጄዋለሁ፣ ሜሜ።»

«ድስት መች አልኩ» አሉ አሮጊቷ።

ዊዲያኒ ማበጠሪያውን ይዛ ቀና አለች። ሁለቱ ሴቶች ዓይን ለዓይን ተጋጠሙ። ራስቲ ቀድማ ፊቷን አዞረች። ትንሽ ቆይታ ዊዲያኒ ሻሿን ደርባ ወደ ማረፊያው አቅጣጫ ስትወጣ አየቻት። «ኢቡ ራትናን ልታባብል ነው፣ ሌላ ምን ጉዳይ አላት» አለች በልቧ፣ ቆሽቷ እያረረ።

በማግስቱ ወንዶቹ ገና ጎሕ ሲቀድ መጥተው ላዋር ለሚሉት በቅመም የታሸ ክትፎ የሚሆነውን ሥጋና ባቄላ ይከትፉ ጀመር። የቢላዎቹ ድምፅ ሸለቆውን ሞላው። ራስቲ ቅመሙን ወቀጠች። ሽንኩርቱን፣ ዝንጅብሉን፣ እርዱን፣ ሚጥሚጣውን፣ የደረቀውን ሽሪምፕ፣ ሁሉንም እንደ ተራው። ይህን ማንም ሊነጥቃት አይችልም። ላዋሩን የምታዋሕደው ግን ዊዲያኒ ናት፤ ገበታውን የመራ እሱን ያዋሕዳል።

«ምቦክ፣ ጨዉን አሽትቺልኝ እስቲ» አለች ዊዲያኒ የላዋሩን ሳህን በሁለት እጇ ዘርግታ።

«አፍንጫ የለሽም?»

«የእኔ አፍንጫ የአንቺን ያህል አይደለም።»

«እንግሊዝኛ ታውቂ የለ? በእንግሊዝኛ አሽትቺው።»

ሽንኩርት ይከትፍ የነበረ አንድ ጎረቤት ፍርፍር ብሎ ሳቀ። ዊዲያኒም ፈገግ አለች፤ ፈገግ ስትል ደግሞ ጉንጯ ይሰረጎዳል። ራስቲን ያ ስርጉድ ከሁሉ በላይ ያንገበግባታል። አንዲት ሴት ተሰድባ እንኳ የምታምር ከሆነ ከእሷ ጋር እንዴት ይኖራል?

ፀሐይ ልታዘቀዝቅ ስትል ኢቡ ራትና ዊዲያኒን ለብሳ እንድትወጣ አስጠራቻት። ልጅቱ እጇን ተለቃልቃ፣ ጥብቆዋን አስተካክላ፣ በሩ ላይ ደርሳ ተመለሰች።

«ምቦክ፣ መደርደሪያው ላይ…»

«ሂጂ! እንግዶችሽ ይጠብቁሻል» አለች ራስቲ ጀርባዋን ሰጥታ።

«እሺ፤ ብቻ…»

«ሂጂ አልኩሽ!»

ሄደች። ማድ ቤቱ ጸጥ አለ። ሩዙ በስሏል፣ ሳቴው ተጠብሷል፣ በሙዝ ቅጠል የታሸገው ዳክዬ ከአመድ ውስጥ ወጥቷል። አስተናጋጆቹ ትሪዎቹን ሊያነሱ በር ላይ ተሰልፈዋል። ራስቲ በዓይኗ ምድጃውን ቃኘች። ጠርዙ ላይ ምንም የለም። እንስራውን አየች፤ ክዳኑ ባዶ ነው። ሙቀጫው ባዶ ነው። በሩ ባዶ ነው።

ጆታን አልተሰጠም።

ሴትየዋ ልቧ ቅቤ ጠጣ። እውነቱ ይነገር፤ በዚያች ቅጽበት የተሰማት ድንጋጤ አልነበረም። እሰይ ነው ያለችው። የገበታው መሪ፣ የጭብጨባዋ እመቤት፣ ባለ ስርጉዷ፣ የመጀመሪያውን ነገር ረስታ ኩል ልትኳል ሮጠች! ራስቲ የዛሬው ገበታ የእሷ አይደለም ስለተባለች ከጧት ጀምሮ ቅጠል አልቆረጠችም። መሪዋ ራሷ ታኑረው ብላ ስትጠብቅ ነበር። ይኸው አላኖረችም።

ለማስተካከል ጊዜው ነበራት። ቅጠል በጓሮ ሞልቷል፣ ሩዙ ፊቷ ነው። እጇ እንዲያውም ሳታዝዘው ወደ ሩዙ ሄዶ ነበር። የለመደ እጅ ነዋ። በመንገድ ላይ ግን ዳሱ ውስጥ ያለው ሳቅ ደረሰባት፤ የሜሜም ሳቅ አብሮበት ነበር። እጇን መለሰችው።

«አንሱት» አለች ለአስተናጋጆቹ። «እንግዳ አይጠብቅም።»

ትሪዎቹ ወጡ። አማልክት ሳይቀምሱ ለሰው ቀረበ። ሲወጡ እያየች ቀኝ እጇን በሽርጧ ጠራረገችው፤ ምንም ሳይነካው።

በዳሱ ውስጥ ምንጣፍ ተነጥፏል። በእያንዳንዱ ትሪ ላይ ሩዙ እንደ ጉብታ ተከምሮ እንግዶቹ ዙሪያውን ተቀምጠዋል። የሜሜ ሪንጂን ትሪ አንድ ሰው ጎደለው፤ ሰባት ሆነው ስምንተኛ አጡ። ኢቡ ራትና ራሷ መጥታ ራስቲን ከማድ ቤት ጎትታ አወጣቻት። ሽርጧን እንኳ ሳትፈታ በሜሜና በአንድ ጺማም ሽማግሌ ሆላንዳዊ መካከል አስቀመጧት። ፊት ለፊቷ ዊዲያኒ ናት፣ ጆሮዋ ላይ አበባ ሰክታ።

ዊዲያኒ ተነስታ ስትናገር ዳሱ ጸጥ አለ። እንግሊዝኛ ነው፤ ራስቲ ከእሱ የምታውቀው «ሰላም»ንና «ቅመም የሌለው»ን ብቻ ነው። ልጅቱ ወደ ሩዙ አመለከተች፣ ወደ ሰማይ አመለከተች፣ ከዚያ እጇን ዘርግታ ወደ ራስቲ አመለከተች። እንግዶቹ ሁሉ ዞረው ራስቲን አዩዋትና አጨበጨቡ። ሆላንዳዊው አጎንብሶ እጅ ነሳት።

ራስቲ ደሟ ፊቷ ላይ ወጣ። ምን ብላቸው ነው? ያቺ ጥቀርሻ የለበሰችው ሽንኩርት ትልጥልናለች ብላቸው ይሆናል። ምስኪኗን አጨብጭቡላት፣ አርጅታለች ብላቸው ይሆናል። የዊዲያኒ ጭብጨባ ሲገርማት፣ አሁን ደግሞ የምጽዋት ጭብጨባ! ጥርሷን ነከሰች። አይዞሽ ራስቲ፣ ቀኑ ያንቺ ነው አለች በልቧ። ምድጃው ባዶ ነው።

መብላት ተጀመረ። የመጊቡንግ ደንቡ ብዙ ነው፤ ሰው ከፊት ለፊቱ ብቻ ይበላል፣ ከአፉ የወደቀ ወደ ትሪው አይመለስም፣ የመጨረሻው ሰው ጠግቦ እስኪያበቃ ማንም ከቦታው አይነሳም። ዊዲያኒ ላዋሩን እየቆነጠረች በየሰዉ ፊት ሩዙ ላይ ታኖራለች፤ ለሜሜ ቀድማ፣ ለራስቲ ቀጥላ። ራስቲ አልጎረሰችም። በጣቷ ሩዙን ታንከባልላለች።

ሜሜ ሪንጂን ላዋሩን አኘኩት። ረጅም ጊዜ አኘኩት።

«ይህን ያዋሐደው ማን ነው?» አሉ።

«ዊዲያኒ ናት» አለች ኢቡ ራትና።

«እጇ ይጣፍጣል» አሉ ሜሜ።

እጇ ይጣፍጣል! ይህን ቃል ሜሜ በሕይወታቸው ለአንዲት ሴት ብቻ ነው ያሉት፤ ያውም ስንት ዓመት አስለፍተው፣ ያውም አንዴ። ራስቲ ከዚያ በኋላ ያለውን ራሷም አላዘዘችውም።

«ይጣፍጣል እንጂ!» አለች ድምፅዋ ዳሱን አልፎ። «ሳይሰጥ የተበላ ምግብ እንዴት እንደሚጣፍጥ ይኸው ዛሬ ቀመስነው!»

የሜሜ እጅ አፋቸው ጋ ሳይደርስ ቆመ።

«ምን ማለትሽ ነው?» አለች ኢቡ ራትና።

«ጆታን አልተሰጠም! ምድጃው ባዶ፣ እንስራው ባዶ፣ በሩ ባዶ! ምነው እኔን ታዩኛላችሁ? እሷን ጠይቋት! የማድ ቤቱ ባለቤት እሷ አይደለችም? ገበታው የእሷ፣ ጭብጨባው የእሷ፣ ማድ ቤቱም የእሷ! እሷ ትመልስ!»

እንግዶቹ ነገሩ ስላልገባቸው ፈገግ እንዳሉ ነው። ሆላንዳዊው ምግቡ የተወደሰ መስሎት አውራ ጣቱን አነሳ። ኢቡ ራትና ግን ፊቷ ተለዋወጠ።

«ምቦክ» አለች ቀስ ብላ። «አሁን የተጨበጨበው እኮ ላንቺ ነው።»

«ለእኔ?»

«ከእኛ በፊት አማልክትን ያበላችልን፣ የዚህ ማድ ቤት ባለቤት ይህቺ ናት፤ እኔ የእሷ ተማሪ ነኝ ነው ያለቻቸው።»

ራስቲ ወደ ዊዲያኒ ዞረች። ስርጉዱ የለም። ልጅቱ ዓይኗን ሩዙ ላይ ጥላለች።

«ምቦክ» አለች፣ በጭንቅ በሚሰማ ድምፅ። «ከቢላሽ አጠገብ አስቀምጬልሽ ነበር።»

ራስቲ ሌላ ማብራሪያ አላስፈለጋትም። በዚህ ዓለም ላይ የዚህን ዓረፍተ ነገር ትርጉም ከሁሉ አብልጣ የምታውቅ ሴት ብትኖር እሷ ናት። ተነስታ ለመሮጥ እግሯን ስትሰበስብ የሜሜ እጅ ጉልበቷን ያዘው። የዕውር እጅ ሲይዝ አይስትም።

«ተቀመጪ» አሉ። «ሰው እየበላ ነው።»

ተቀመጠች። እንግዶቹም በሉ፤ ያውም በደስታ፣ በእርጋታ፣ እያጣጣሙ። ሌላው ሁሉ ጠግቦ እጁን ሲሰበስብ ሆላንዳዊው ገና ሳቴውን ከጠጅ ሳሩ ላይ በጥርሱ ቀስ እያለ ይልጣል፣ ዓይኑን ጨፍኖ ያኝካል፣ ከዚያ ወደ ራስቲ ዞሮ በአድናቆት ራሱን ይነቀንቃል። ራስቲም ራሷን ትነቀንቅለታለች። ምን ታድርግ? ያልተሰጠው ሩዝ ፊቷ ተከምሯል፤ ገበታ ላይ ተቀምጦ አለመብላት ነውር ነውና እሷም ጎረሰች። ላዋሩ በእርግጥ ይጣፍጥ ነበር። ቅመሙ የእሷ፣ እጁ የዊዲያኒ።

ሽማግሌው በመጨረሻ ጠግቦ እጁን ሲያነሳ እሷም ተነስታ ወደ ማድ ቤት ሮጠች። ትሪዋ እዚያ ነበረች። መደርደሪያው ላይ፣ ከቢላዋ አጠገብ፣ ጫፏ የቢላውን እጀታ ነክቶ። ዊዲያኒ አቧራ እንዳይነካት ሌላ ቅጠል አልብሳታለች። ስትገልጠው ቅጠሎቹ አንድ ዓይነት ተቆርጠዋል፣ በእያንዳንዱ ላይ ሩዝ፣ የጨው ቅንጣት፣ የሳቴ ቁራጭ፣ ከላይ አበባ። ሩዙ ደርቋል። ቀኑን ሙሉ ያንን ቢላ ስንቴ አነሳችው? ዛሬ የምትከትፈው አልነበራትም፤ የከተፉት ወንዶቹ ናቸው። አንዴ እንኳ አላነሳችውም።

ኢቡ ራትና በሩ ላይ ቆማ ነበር።

«ትናንት ማታ ዊዲያኒ እቤቴ መጥታ ነበር» አለች። «ኃላፊዋ ምቦክ ትሁን፤ እኔ ከእሷ ሥር ሆኜ ለእንግዶቹ ላውራላቸው አለችኝ። እኔም እሺ ብያት ነበር።»

ነበር። ራስቲ ከንግግሩ ሁሉ የሰማችው ያቺን የመጨረሻዋን ቃል ነው።

ወደ ቤት ሲመለሱ ሜሜን በክንዳቸው ይዛ የምትመራው እሷ ነበረች። በውኃ ቦዩ ዳር ባለው ጠባብ መንገድ ብዙ ሄዱ።

«ሜሜ፣ ቅናት አሳውሮኝ ነው» አለች በመጨረሻ።

«ዕውርስ እኔ ነኝ» አሉ አሮጊቷ። «እኔ አየሁት፣ አንቺ አላየሽውም።»

«ይቅር ይበሉኝ።»

«እኔን ምን በደልሽኝ? ማድ ቤቱ የማን ነው ብሎ የጠየቀሽ አልነበረም። አንቺው ተነስተሽ የእሷ ነው አልሽ። ሰው ሁሉ ሰማ።» ትንሽ ሄዱና ደግሞ አከሉ፦ «ጉድጓድ አለ፣ ተጠንቀቂ።» ጉድጓዱን የሚያውቁት በእግራቸው ነው።

በነጋታው ራስቲ ከሁሉ ቀድማ ማረፊያው ደረሰች። እሳቱን አነደደች፣ ለሚሸኙት እንግዶች ሩዙን ቀቀለች። ከጓሮ ለጋ የሙዝ ቅጠል አምጥታ አንድ ዓይነት አድርጋ ቆረጠችው። ሩዙን ቆነጠረች፣ ጨዉን ነሰነሰች፣ አበባውን አኖረች። ከዚያ ትሪዋን በሁለት እጇ ይዛ መደርደሪያው ፊት ቆመች። ለረጅም ጊዜ ቆመች። ከዚያ ከዊዲያኒ ቢላ አጠገብ አስቀመጠቻትና ወጥታ ደፉ ላይ፣ ጀርባዋን ለማድ ቤቱ ሰጥታ ቁጭ አለች።

ቅናቱ ለቆኛል ብላ ራሷን ለማሳመን ሞከረች። አልለቀቃትም። በልቧ አንድ ጥግ፣ ማንም በማያየው ጥግ፣ ሌላ ነገር ትጠብቅ ነበር። ዊዲያኒ ትሪዋን ታያለች፣ ትደነግጣለች፣ ይዛት ትመጣለች፤ «ኧረ ምቦክ፣ ይህ ያንቺ ነው» ትላለች። መልካም ልጅ አይደለች? ትናንት ሰጥታት አልነበር? ዛሬስ ለምን አትሰጣትም? ራስቲ ይህን እያሰበች እጇን ጭኗ ላይ ከፍታ አስቀምጣለች፤ ለመቀበል።

ዊዲያኒ መጣች። «እንደምን አደርሽ ምቦክ» ብላ አልፋት ገባች። ሻሿን ስታወልቅ ተሰማ። ወደ መደርደሪያው ስትሄድ ተሰማ። ከዚያ እሳቱ ብቻ ይንጣጣል።

ራስቲ ዞራ አላየችም። ትንፋሽዋን ዋጥ አድርጋ ጠበቀች።

የቀርከሃዋ ትሪ ከጣውላው ላይ ስትነሳ ትንሽ ሲጥ አለች። ኮቴው ወደ ደፉ አልመጣም። ወደ ምድጃው ሄደ፣ ከዚያ ወደ እንስራው፣ ከዚያ ወደ ሙቀጫው። በመጨረሻ ዊዲያኒ በሩ ዘንድ መጥታ አጎነበሰችና የቀረውን ቅጠል ከራስቲ ዳሌ አጠገብ ደፉ ላይ አኖረችው።

«ምቦክ» አለች ቀና ስትል። «ሽንኩርቱን ትልጪልኛለሽ?»

ራስቲ ጭኗ ላይ የተከፈተውን እጇን አየችው። ዘጋችው። ከዚያ ተነስታ ገባች።